የዑመር ዲዋን በተግባር፦ ማን ተመዘገበ፣ ስንት ወሰደ፣ የት ላይ ተሰነጠቀ?

አቡ ሉብና

አሰላሙ ዐለይኩም ጀማዓ። ስለ ኹለፋኡ ራሺዲን (ከነቢዩ በኋላ የመሩት አራቱ ኸሊፋዎች) ሲነሳ ወሬው ሁሌ ወደ ዙህዳቸው፣ ዓለምን ወደ መናቃቸው፣ ይሄዳል፦ የዑመር (ረ.ዐ) የተጣፈ ልብስ፣ ሌሊት ዱቄት ተሸክሞ መዞሩ። ደግ ነው። ግን ከበርቃ እስከ ፋርስ የተዘረጋ ግዛት ዱቄት በመሸከም ብቻ አይተዳደርም። ወታደር ይከፈለዋል፣ መሬት ይለካል፣ ገዥ ሒሳብ ይጠየቃል። ስለዚህ ይህ ክር ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ላቋቋመው ዲዋን (ክፍያ ለሚወስዱ ሰዎች መዝገብ) ብቻ ይሁን።

ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ሲዘዋወር ይታያል። አንዱ «ዑመር ለሁሉም እኩል አከፋፈለ» ይላል፤ ሌላው «ዘር ቆጥሮ ከፈለ» ይላል። የምታውቁ ሰዎች በቁጥርና በአሠራር አስረዱን፦ መዝገቡ እንዴት ተደራጀ? ማን ስንት ወሰደ? ገንዘቡ ከየት መጣ? በኋላ ለመጣው ፊትና (የሙስሊሞች የእርስ በርስ ግጭት) መዝገቡ ድርሻ ነበረው ወይ? ስድብና የመዝሀብ ጭቅጭቅ ከበር ውጭ ይቅር።

ኢብኑ ሳቢቅ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሁለቱም ጽሑፎች ተሳስተዋል።

እኩል ያከፋፈለው አቡበክር (ረ.ዐ) ነው። በእሱ ዘመን (632–634) የሚገባው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ እንደመጣ ይከፋፈላል፣ ያልቃል፣ መዝገብም አያስፈልገውም። ነገሩ የተለወጠው ገንዘቡ ሲበዛ ነው። አቡ ሁረይራ ከበሕረይን 500,000 ዲርሃም ይዞ መዲና ሲገባ ዑመር ቁጥሩን ማመን አቅቶት «የምትለውን ታውቀዋለህ?» እንዳለው፣ እሱም «መቶ ሺህ፣ መቶ ሺህ» እያለ አምስት ጊዜ እንደቆጠረለት ተዘግቧል። ከዚያ ምክክር ሆነ። ዐሊይ (ረ.ዐ) በየዓመቱ የገባውን ሁሉ አከፋፍል፣ ምንም አታስቀር አለ። ዑስማን (ረ.ዐ) በበኩሉ የወሰደውና ያልወሰደው ካልተለየ ነገሩ ይበላሻል አለ። አል-ወሊድ ኢብኑ ሂሻም የሻም (የሶርያ አካባቢ) ነገሥታት መዝገብና በመዝገብ የሚከፈለው ጦር እንዳላቸው አይቻለሁ አለ፤ ሥራ ላይ የዋለው የእሱ ሐሳብ ነው። ዓመቱ በብዙዎቹ ዘገባ 20 ዓ.ሂ (ዓመተ ሂጅራ፤ በአውሮፓ 641) ነው፤ 15 የሚሉም አሉ።

ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈል፣ ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም። የተመረጡት የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። መጀመሪያ ሲጽፉ በኑ ሃሺምን አስቀደሙ፣ ከዚያ የአቡበክርን ጎሳ፣ ከዚያ የዑመርን፤ የኺላፋውን ተራ ተከተሉ ማለት ነው። ዑመር አልተቀበለውም። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቅርብ ከሆነው ጀምራችሁ ውረዱ፣ ዑመርን አላህ ባስቀመጠው ቦታ አስቀምጡት አለ። የገዛ ጎሳው በኑ ዐዲዮች መጥተው ቢያጉረመርሙም አልሰማቸውም።

እንግዲህ ዘር የገባው እዚህ ነው፤ ስም በሚጠራበት ተራ ላይ። የገንዘቡ መጠን ሌላ መለኪያ ነበረው፣ እሱም ሳቢቃ፦ መቼ ሰለምክ፣ የትኛው ዘመቻ ላይ ዋልክ። በድር (የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ) የዋለ በዓመት 5,000 ዲርሃም፤ ዑመር ራሱም ከዚህ አላለፈም። ከበድር በኋላ እስከ ሁደይቢያ ስምምነት 4,000። ከሁደይቢያ እስከ ሪዳ ጦርነት (ከነቢዩ ሞት በኋላ ካፈነገጡ ጎሳዎች ጋር የተደረገው) ፍጻሜ 3,000። ቃዲሲያና የርሙክ (በፋርስና በቢዛንታይን ላይ የተደረጉት ትልልቅ ውጊያዎች) የዋለ 2,000፣ በውጊያው ጎልቶ የታየ 2,500። ከዚያ በኋላ እየተከታተለ የመጣው እየወረደ እስከ 200 ይደርሳል።

ከመለኪያው የወጡም አሉ። የነቢዩ ባለቤቶች 10,000፣ ዓኢሻ (ረ.ዐ) 12,000። በድር ሲሆን ገና ያልተወለዱት የነቢዩ የልጅ ልጆች ሐሰንና ሑሰይን 5,000። ዑመር ለገዛ ልጁ ለዐብዱላህ የቆረጠው ግን ለኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ከሰጠው ያነሰ ነው። ቁጥሩ ከዘገባ ዘገባ ይለያያል፤ ኡሳማ መብለጡ ግን አይለያይም። ልጁ ሲጠይቀው፣ ነቢዩ ከአባትህ ይልቅ የሱን አባት፣ ካንተም ይልቅ እሱን ይወዱ ነበር ብሎ መለሰለት።

ኡሙ ረይሓን

ባረከላሁ ፊክ ወንድም። እኛ አገር እምብዛም የማይነሳ ነገር ልጨምር፤ የሐበሻ ሙሃጂሮች (ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች) በዚህ መዝገብ ላይ የራሳቸው ስፍራ ነበራቸው።

በዘመቻ ብቻ ቢቆጠሩ ይጎዱ ነበር። ከመሪያቸው ከጃዕፈር ጋር የቆዩት የበድርና የኡሑድ ውጊያ ሲሆን የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ዘንድ ናቸው፤ የተመለሱት በ7 ዓ.ሂ (628)፣ በኸይበር ጊዜ ነው። በደረቅ ሕግ ከሄድን ከሁደይቢያ በኋላ ስለሆነ 3,000 ላይ ይወድቃሉ። የታሪክ ጸሐፊው በላዙሪ እንደዘገበው ግን እስልምናቸው የበድር ሰዎችን ያህል የቀደመ የሐበሻ ሙሃጂሮች ከኡሑድ ሰዎች ጋር 4,000 ላይ ተመድበዋል። ስደቱ እንደ ዘመቻ ታሰበላቸው ማለት ነው። አስማእ ቢንት ዑመይስ፣ ከጃዕፈር ጋር ሐበሻ ተሰዳ የኖረችው፣ በራሷ ስም 1,000 ተቆርጦላታል።

ቢላል (ረ.ዐ) ደግሞ ለጂሃድ ወጥቶ ሻም ነበር። ዑመር እዚያ ዲዋን ሲያደራጅ «መዝገብህ ከማን ጋር ይሁን?» ብሎ ጠየቀው። ቢላልም ከአቡ ሩወይሓ ጋር አለ፤ ነቢዩ በመካከላችን ስላሰሩት ወንድማማችነት መቼም አልለየውም ብሎ። አቡ ሩወይሓ የኸስዐም ሰው ነው። በዚህ የተነሳ ሻም ላይ የነበሩት ሐበሾች መዝገብ በሙሉ ከኸስዐም ጋር ተያያዘ፣ ቢላል ካለፈም በኋላ እንደዚያው ቀጠለ። ጎሳ የሌለው ሰው በጎሳ መዝገብ ላይ በምን በኩል ይገባ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዘ-ሒሳብ

ገንዘቡ እጅ ላይ እንዴት ይደርስ እንደነበር ካልታየ ሥዕሉ አይሞላም። መዲና ተቀምጦ ለእያንዳንዱ የኩፋ (የዒራቅ የጦር ከተማ) ወታደር መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ከተማው በሰባት ክፍል ተከፈለ፤ ገንዘቡ ለሰባቱ አለቆች ይሰጣል፣ ከነሱ ወደ ዐሪፎች፣ ከዐሪፎቹ ወደየቤቱ። ዐሪፍ የሚባለው የአንድ የክፍያ ቡድን ኃላፊ ነው። ቡድኑ የሚለካው ግን በሰው ብዛት አይደለም። እያንዳንዱ ዐሪፍ የሚረከበው 100,000 ዲርሃም እንዲሆን ተደርጎ ነው ቤተሰቦቹ የተደለደሉት።

የታሪክ ጸሐፊው ጠቦሪ የመዘገባቸውን ቁጥሮች አስሉ። ከመጀመሪያው ተከታይ ጦር አንዱ ቡድን 60 ወንድ፣ 60 ሴት፣ 40 ልጅ ነው። ወንዱ 1,500 ቢወስድ 90,000፤ ሴቶቹ በ100 ሒሳብ 6,000፤ ልጆቹ በ100 ሒሳብ 4,000። ድምሩ ድፍን 100,000! የቃዲሲያ ቡድን ደግሞ 43 ወንድ፣ 43 ሴት፣ 50 ልጅ ነው። 43 በ2,000 ሲባዛ 86,000፤ የቃዲሲያ ሰዎች ሚስቶች 200 ስለሆነ 8,600፤ ልጆቹ 5,000። ድምር 99,600። 400 ብቻ ጎደለ።

ሦስተኛው ላይ ግን ሒሳቡ እምቢ ይላል። ከቃዲሲያ በፊት የዘመቱት ቡድን 20 ወንድ በ3,000፣ 20 ሴት ይላል። የነሱ ሴቶች 300 ነው። 60,000 ሲደመር 6,000፤ 34,000 ይቀራል። ያን ለመሙላት 340 ልጅ ያስፈልጋል፣ ለሃያ አባት! ቁጥሩ 30 ቢሆን 90,000 እና 9,000፣ ላይ 10 ልጅ ተጨምሮ ይዘጋል። ገልባጭ እጅ ላይ የተበላሸ ይመስለኛል። ሁለቱ እንዲህ መግጠማቸው ግን ቁጥሮቹ ከእውነተኛ መዝገብ እንደወጡ ጥሩ ምልክት ነው።

ብራና ፈታሽ

@ዘ-ሒሳብ መግጠሙ ደስ ይላል፣ ግን ቀስ እንበል። እነዚህን ዘገባዎች የምናገኘው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በተጠናቀሩ መጻሕፍት ነው። የዑመር ዲዋን አንዲት ቅጠል እንኳ አልተረፈችም። ቁጥሩ ሲገጥም «ከመዝገብ ወጣ» ማለት ይቻላል፤ «አስልቶ ያስገጠመ ሰው ነበር» ማለትም ይቻላል።

ከዘመኑ የተረፈ ወረቀት የሚፈልግ ግብፅን ይመልከት። በ22 ዓ.ሂ (643)፣ ማለትም ዑመር በሕይወት ሳለ፣ ኢህናስ ላይ የተጻፈ ፓፒረስ ዛሬ ቪየና ውስጥ አለ። በግሪክና በዐረብኛ የተጻፈ ደረሰኝ ነው፤ ዐብዱላህ ኢብኑ ጃቢር የሚባል አዛዥ ለጦሩ 65 በግ መረከቡን ይናገራል። ለኛ ጉዳይ ሁለት ነገር ያስረዳል። የሂጅራ አቆጣጠር በ17 ዓ.ሂ ገደማ ተደንግጎ፣ በአምስት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የላይኛው ግብፅ ጸሐፊ እጅ ገብቷል። ደግሞም ከባላገሩ የተወሰደው በግ በቁጥር ተመዝግቦ፣ ደረሰኙ ለአካባቢው ሹሞች ተሰጥቷል። ስለዚህ የአስተዳደሩ መኖር አያጠራጥርም፤ የማመነታው እያንዳንዷ አኃዝ ላይ ብቻ ነው።

ኢብኑ ሳቢቅ

ተገቢ ጥንቃቄ ነው። እኔም የምለው ቅደም ተከተሉንና መርሁን እንጂ እያንዳንዱን ዲርሃም አይደለም።

ሰፈር ወጥ ቤት

ሁላችሁም ዲርሃሙ ላይ ቀራችሁ። ከዓመታዊው ዐጣእ (የገንዘብ ክፍያ) ሌላ ወርኃዊ ቀለብ ነበረ እኮ፣ ሪዝቅ የሚባለው። የሱ መጠን የተቆረጠበት መንገድ የሚያስገርም ነው። ዑመር አንድ ጀሪብ እህል አስፈጭቶ፣ አስቦክቶ፣ አስጋግሮ፣ ዳቦው በዘይት ተፈትፍቶ 30 ሰው ምሳ እንዲበላ አደረገ። ጠገቡ። ማታ ሌላ ጀሪብ እንደዚያው አሠርቶ እራት አበላቸው። 30 ሰው በቀን 2 ጀሪብ ከበቃው አንድ ሰው በ30 ቀን 2 ጀሪብ ይበቃዋል፤ በቃ፣ የወር ቀለብ ይኸው ሆነ። ሴትም ወንድም ባሪያም እኩል ነው፤ እዚህ ላይ ሳቢቃ የለም። ጀሪብ የእህል መስፈሪያም የመሬት ስፋትም ስለሆነ ኸራጅ (የመሬት ግብር) ላይ ስትደርሱ እንዳይምታታባችሁ።

የልጆቹም ነገር አለ። መጀመሪያ የሚቆረጠው ጡት ለጣለ ሕፃን ብቻ ነበር። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ እናቶች ክፍያው እንዲደርሳቸው ልጆቹን ያለጊዜያቸው ጡት ማስጣል ጀመሩ። ዑመር ይህን ሲያውቅ ሕጉን ቀይሮ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ 100 ዲርሃም አደረገ፣ ልጁ ከፍ ሲል 200። ተጥሎ ለተገኘ ሕፃንም 100 ይቆረጥለት ነበር።

አቡ ሉብና

ጀዛኩሙላሁ ኸይር። ዐጣኡ ስንት ጊዜ ነው የሚከፈለው? 5,000 ዲርሃም በዛሬ ገንዘብ ስንት ይሆናል? የገንዘቡ ምንጭም ገና አልተነካም።

ዘ-ሒሳብ

ዐጣእ በዓመት አንዴ፣ በሙሐረም። ቀለብ በየወሩ።

ወደ ዛሬ ገንዘብ መመንዘሩን ተወው፣ ትርጉም የለውም። ክብደቱን ውሰድ። ያኔ ዒራቅ ላይ የሚሠራው የፋርሶች ዲርሃም ነው፣ ወደ 4 ግራም ጥሬ ብር። 5,000 ሲሆን 20 ኪሎ ብር ማለት ነው። ሻምና ግብፅ በወርቅ ዲናር ይሠሩ ነበር፤ ጂዝያ (ሙስሊም ያልሆኑ የሚከፍሉት የራስ ግብር) ላይ 4 ዲናር በ40 ዲርሃም ስለሚተካ ምንዛሪው አንድ በአሥር ነው። ኸሊፋዎቹ የራሳቸውን ሳንቲም ወጥነት ባለው መልክ ያወጡት በዐብዱል መሊክ ዘመን፣ 77 ዓ.ሂ (696/697) ላይ ነው።

ሸይኽ ዘ-ኸራጅ

ምንጩን ልመልስ፤ ያለሱ ዲዋኑ አይቆምም።

ዒራቅ ሲከፈት ሠራዊቱ ሰዋድን (የጤግሮስና የኤፍራጥስን ለም መሬት) እንደ ምርኮ እንከፋፈል አለ። ሕጉም በግልጽ የሚደግፋቸው ይመስል ነበር፤ አራት አምስተኛው የዘማች ነው። ዑመር እምቢ አለ። በሐሳብ አጥብቀው ከተቃወሙት ውስጥ ቢላል አንዱ ነው፤ ዑመር «አላህ ሆይ፣ ከቢላልና ከጓደኞቹ አብቃቃኝ» እስኪል ድረስ ገፍቶበታል። ክርክሩ ቀናት ከፈጀ በኋላ ዑመር ማስረጃውን ከሱረቱል ሐሽር አመጣ። አንቀጾቹ ለሙሃጂሮች፣ ለአንሷሮች፣ ከዚያ «ከእነርሱ በኋላ ለመጡት» ይላሉ። መሬቱን ዛሬ ብትከፋፈሉት በኋላ ለሚመጣው ምን ይቀራል? ድንበሩን የሚጠብቀው ጦር በምን ይከፈለዋል? አለ። መሬቱ በነባሮቹ ገበሬዎች እጅ ቀረ፤ ግብሩ የሁሉም ሆነ።

ከዚያ ልኬት መጣ። ዑስማን ኢብኑ ሁነይፍ (ከኸሊፋው ዑስማን ጋር እንዳይምታታ) መሬቱን ለክቶ 36,000,000 ጀሪብ አገኘ። የመሬት ጀሪብ 1,600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግብሩ በሰብሉ ዓይነት ተቆረጠ፦ ለአንድ ጀሪብ ስንዴ 4 ዲርሃም፣ ገብስ 2፣ ወይን 10። ሌላ ዘገባ ለእህል መሬት 1 ዲርሃምና 1 ቀፊዝ እህል ይላል፤ ሁለቱ በተለያየ ቦታ ወይም ጊዜ የተሠራባቸው ሊሆን ይችላል። ጂዝያው በሀብት ደረጃ 48፣ 24 ወይም 12 ዲርሃም ነው፤ ሴት፣ ሕፃንና መክፈል የማይችል ድኻ አይከፍሉም።

ዑመር ከመወጋቱ ጥቂት ቀን በፊት ዑስማን ኢብኑ ሁነይፍንና ሁዘይፋን አቁሞ «መሬቱን ከአቅሙ በላይ ጭናችሁበት እንዳይሆን?» ብሎ ጠይቋቸዋል። የሚችለውን ነው የጫንበት አሉት። እንደገና አጣሩ አላቸው። በዚያው ዘገባ ላይ የራሱ ዕዳ ሲቆጠር 86,000 ዲርሃም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከበይቱል ማል (ከሕዝብ ግምጃ ቤት) ሳይሆን ከቤተሰቡ ሀብት፣ ካልበቃ ከጎሳው፣ ከዚያም ከቁረይሽ እንዲከፈል አዘዘ።

ሙሐሲብ

ገዥዎቹስ? ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያልፈው በነሱ እጅ ነው።

ዑመር ሰው ሲሾም ንብረቱን ያስመዘግበዋል። ሲሻር እንደገና ይቆጠራል፤ ጭማሪው ካልተብራራ ግማሹ ለበይቱል ማል ይሄዳል። «ነግጄ ነው» የሚል መልስ አይሠራም፤ የላክሁህ ልትነግድ አይደለም ይባላል። ምርመራውን የሚሠራው ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ ነው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ኩፋ ላይ ለቤተ መንግሥቱ በር አሠርቶ ሕዝቡን ከለለ ሲባል ይኸው ሰው ተላከና በሩን አቃጠለው። በየዓመቱ ሐጅ ላይ ገዥዎቹ ይጠራሉ፣ ከየአውራጃው የመጣው ሰውም ፊት ለፊት ይከሳል። የኻሊድ ኢብኑል ወሊድ የመጨረሻ መሻርም ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለአሽዐስ 10,000 ዲርሃም ሸለመ ተባለ። ከራሱ ከሆነ ብክነት ነው፣ ከሙስሊሞች ገንዘብ ከሆነ ክህደት ነው፤ በሁለቱም ይወርዳል።

የዚህ አሠራር ድክመት አንድ ነው፦ ሁሉ ነገር የሚጠይቀው ሰው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኸሊፋው የተለየ፣ ኸሊፋው ሲለወጥ የማይለወጥ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

ኢብኑ ሳቢቅ

አዎ፣ እዚህ ላይ ወደ ፊትናው እንግባ። በኔ ግምት ስንጥቁ መዝገቡ ውስጥ ገና ከጅምሩ ነበረ።

የላይኛውና የታችኛው ልዩነት 5,000 በ200 ነው፤ ሃያ አምስት እጥፍ፣ በየዓመቱ። ከላይ ያለው የተረፈውን ይነግድበታል፣ ይገዛበታል። ዑመር ራሱ በመጨረሻው ዘመኑ ለሚመጣው ዓመት ከቆየሁ የኋለኛውን ከፊተኛው ጋር አስተካክላለሁ እንዳለ ተዘግቧል፤ አልቆየም። ዑስማን (644–656) ሲሾም ለሁሉም 100 ጨመረ። ጥሩ ጭማሪ ነው፣ ግን በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለውን የ4,800 ዲርሃም ልዩነት አልነካም። ቀጥሎ ሒጃዝ የነበሩ ባለ ድርሻዎች መሬታቸውን ከዒራቅ መሬት ጋር እንዲለዋወጡ ፈቀደ፤ ጦልሓን የመሳሰሉ ሰዎች ዒራቅ ላይ ትልቅ ርስት ያዙ። ሰዋድ እንዳይከፋፈል የተደረገው ያ ሁሉ ክርክር በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ኩፋ ላይ የነበረው ሰው ይህን እንዴት ያየዋል? ሰይፉን ይዞ የከፈተው አገር ነው፤ ትርፉ ወደ መዲና ይሄዳል፤ ሳቢቃው ደግሞ ላይጨምር ተቆልፏል፣ ስንት ጊዜ ቢዘምት ወደ በድር አይመለስም። ገዥው ሰዒድ ኢብኑል ዓስ «ሰዋድ የቁረይሽ የአትክልት ቦታ ነው» አለ ሲባል እሳት ተነሳ። በ34 ዓ.ሂ (655) ሰዒድ ከመዲና ሲመለስ ኩፎች መንገድ ላይ ጠብቀው መለሱት፤ ዑስማንም የፈለጉትን አቡ ሙሳን ሾመላቸው። በዓመቱ ዑስማን ተገደለ።

ሙሐሲብ

አልስማማም፣ ቢያንስ በሙሉ። ያው መዝገብ፣ ያው ሃያ አምስት እጥፍ በዑመር ዘመን ነበረ፤ ማንም ገዥ አልተመለሰም። የተለወጠው ተጠያቂነቱ ነው። ኩፋ፣ በስራ፣ ግብፅና ሻም ሁሉም በዑስማን ዘመዶች እጅ ሲሆኑ ከሳሹ ለማን ይክሰስ? ዐሊይ (656–661) ክፍያውን ወደ አቡበክር መንገድ መልሶ እኩል አደረገው። በናንተ አባባል ስንጥቁ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም፤ እንዲያውም ከላይ የነበሩትን አስኮረፈ፣ ከታች ያሉትንም አላቆየለትም።

ኢብኑ ሳቢቅ

ያልተዘጋው ጊዜው ስላለፈ ነው። ሃያ ዓመት 5,000 የወሰደን ሰው እኩል ውሰድ ብትለው ፍትሕ ሳይሆን ቅነሳ ነው የሚታየው። አጀማመሩ እኩል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ስለ ተጠያቂነቱ ግን የምትለው እውነት አለው፣ አልክድም።

ኡሙ ረይሓን

ስለ ዐሊይ እኩልነት አንድ ዘገባ፦ ከአስፈሃን የመጣ ገንዘብ ሲያከፋፍል በሰባት ከፈለው፣ ለኩፋ ሰባት ክፍሎች። በመካከሉ አንድ ዳቦ ተገኘ። እሱንም ሰባት ቦታ ቆርሶ በየድርሻው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ማን ቅድሚያ ይውሰድ በሚለው ዕጣ አስጣለ። @ዘ-ሒሳብ ያልከው የሰባቱ ክፍል አሠራር እስከዚያ ድረስ እንደዘለቀ ያሳያል።

አቡ ሉብና

ሰባቱ ክፍል መቼ ቀረ? መዝገቡስ ከ661 በኋላ ምን ሆነ?

ሸይኽ ዘ-ኸራጅ

ሰባቱን ወደ አራት ያጠፈው ገዥው ዚያድ ነው፣ በሙዓዊያ ዘመን፣ 50 ዓ.ሂ (670) ገደማ። ጎሳዎቹን ሆን ብሎ አቀላቅሎ የአራቱን አለቆች ራሱ ሾመ።

መዝገቡ ቀጠለ። ስለ ዲዋን ሲወራ ግን ሁለት መዝገብ መኖሩ መረሳት የለበትም። የጦሩ መዝገብ ከመጀመሪያው በዐረብኛ ነው። የግብሩ መዝገብ ግን ነባሮቹ ጸሐፊዎች እጅ ቀርቶ ዒራቅ ላይ በፋርስኛ፣ ሻም ላይ በግሪክኛ ሲጻፍ ኖረ። ዒራቅ ላይ ወደ ዐረብኛ የዞረው በገዥው በሐጃጅ ጊዜ በ78 ዓ.ሂ (697) አካባቢ፣ ሻም ላይ በ81 (700)፣ ግብፅ ላይ ደግሞ በ87 (706) ነው። ከዑመር ሞት እስከዚያ ድረስ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ ኸሊፋዎቹ የገቢያቸውን ሒሳብ የሚያውቁት ሌላ ሰው አንብቦ ሲነግራቸው ነበር።